በቅበላ የተበላው ምርቃቴ

ሰው ሁሉ አንድ የሚኮራበት ነገር አያጣም። አንዱ በቁመቱ ይኮራል፣ አንዱ በድምፁ፣ አንዱ ደግሞ አማቹ በሠራው ፎቅ። እኔ ቁመትም፣ ድምፅም፣ ፎቅ ያለው አማችም ስላልተሰጠኝ የምኮራው በሪፖርት ካርዴ ነበር። ትምህርት ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ አንደኛ ነው የምወጣው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ኩፍኝ ይዞኝ ሁለተኛ ብወጣ፣ ጎረቤት ቤታችን እየመጣ "እግዜር ያውቃል፣ ለበጎ ነው" እያለ አጽናንቶናል። በሰፈራችን ልጅ የሚገረፈው በእኔ ስም ነበር፤ "እሱ የሚበላውን አይደል እንዴ አንተም የምትበላው?" እየተባለ። ዛሬም አሰላ ስገባ ሰላምታዬን በቅጡ የማይመልሱ ጎልማሶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

እንዲህ ያለ ሰው ማስተርስ ሲማር ምን ይገጥመዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሱን ከነማስረጃው ላቀርብላችሁ እችላለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ እሱው ነበርና። ሳስበው አሁንም ሳቄ ይመጣል፤ ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም።

ጁባ የመጣሁት ጋሼ እዚህ ስለነበረ ነው። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰው ታደሰ ይለዋል፣ እኔ ግን አንድም ቀን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። በትምህርት በኩል አልተዋጣለትም፤ ደረጃ ሲነገር የእሱን ለመስማት እስከ መጨረሻው መቆየት ነበረብህ ይላል ራሱ ሲያወራ። ስምንተኛ ክፍል ሳለ አባታችን ሞተና እናታችን ሁለታችንንም ማስተማር እንደማትችል ነገረችን። ጋሼ የእኔን ካርድ አየ፣ የራሱን አየ፣ ከዚያ "ይኼማ ምን ያነጋግራል?" ብሎ ደብተሩን አስቀመጠ። ሲሠራ ኖሮ ኖሮ በጋምቤላ በኩል ጁባ ገባና ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ከፈተ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እሱ በሚልከው ነው።

ምግብ ቤቱን ያየ ሰው የማን እንደሆነ ለማወቅ ይቸገራል። ግድግዳው ላይ ከላይ ሥላሴ አሉ፣ ከሥላሴ ሥር እኔ አለሁ። የአስረኛ ክፍል ውጤቴ፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ፣ የዲግሪዬ ውጤት፣ ሁሉም በመስታወት ተደርገው ተሰቅለዋል። ጥብስ ሊበላ የገባ የከባድ መኪና ሾፌር የፊዚክስ ውጤቴን ሳይሰማ አይወጣም። ጋሼ ሳህኑን እያስቀመጠ "ወንድሜ ነው፣ ሰቃይ ነው" ይላል። አማርኛ የማይሰማ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በጁባ አረብኛ ይተረጉምለታል። አገሬው በትዕግሥት ያዳምጥና "ኩዌስ፣ ኩዌስ"፣ ጥሩ ነው ብሎ አመስግኖ ወደ ሥጋው ይመለሳል።

እኔ የምሠራው አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ፣ ሠራተኛ ቅጥር ክፍል ነው። ማመልከቻ የማጣራው እኔ ነኝ። በምን ታጣራለህ ብትሉኝ፣ በሌላ በምን ይጣራል? ሲ የበዛበትን ሰው ገና ስሙን ሳላነብ ወደ ግራ አደርገዋለሁ፤ በምጽአት ቀን ፍየሎቹ ወደሚቆሙበት በኩል። ውጤት ሰውን ይናገራል ብዬ በሙሉ ልቤ አምን ነበር። ባላምን ኖሮ የጋሼ ደብተር ያለ ምክንያት ተቀመጠ ማለት ይሆንብኝ ነበር።

እዚሁ ጁባ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት ሲከፈት ከሁሉ ቀድሜ ተመዘገብኩ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ጋትሉዋክ ይባላል። ጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ አድጎ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ አገሩ ሲቋቋም የተመለሰ ነው። ከነጭ ዓባይ ማዶ ሸሪካት ይኖራል፣ ድልድዩን በቦዳቦዳ ሞተር ተሻግሮ አቧራ ለብሶ ነው ክፍል የሚገባው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፤ እኔ የአሰላ ሰው ነኝ፣ እሱ የመርካቶ ነው። ውጤቱ ግን ለዓይን አይመችም። እኔ ጋ ቢያመለክት ኖሮ ወዴት እንደማስቀምጠው ታውቃላችሁ።

ጋትሉዋክ የቤት ሥራ ሲመለስለት ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዞ ነው። እሱ ታዲያ ይስቃል። "ጀለሴ፣ ዛሬስ ቀይ ባሕር አድርገውታል፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ እንሻገረዋለን" ይላል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ አስተካክሎ በሳምንቱ ይመልሰዋል፤ አሁንም በቀይ ተሰርዞ ይመለስለታል፣ አሁንም ያስተካክላል። እኔ በበኩሌ ቀይ እስክሪብቶ ራይት ሲያደርግ እንጂ ሲሰርዝ አይቼ አላውቅም። ስለ እሱ እኔ አፍር ነበር።

ኮርሱ በሙሉ ኤ ሆኖ አለቀ። አማካሪዬ ረጋ ያሉ የአገሩ ተወላጅ ዶክተር ናቸው። ውጤቴን አዩና ፈገግ ብለው፣ እንዲህ ዓይነት ውጤት ያለው ሰው ሊያጠናው የሚገባ ርእስ አለ አሉኝ። የመግቢያ ፈተናና የዲግሪ ውጤት በማስተርስ ማን እንደሚሳካለት ይተነብያሉ ወይስ አይተነብዩም? ደስ አለኝ። ገና መልሱን ሳላጠና መልሱ እኔ ነኝ ብዬ ነበር።

ምዕራፍ አንድን መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፣ አልወደድኳትም። ቀየርኳት፣ የተቀየረችዋን ጠላሁ። ከነጭ ዓባይ ዳር ጸጥታ አለ ሲሉኝ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ፤ ጸጥታ ነበር፣ ሐሳብ ግን አልነበረም። ኒምራ ታላታ ሰፈር ጄኔሬተር የማይረብሽበት ክፍል ተከራየሁ፤ ጄኔሬተር የለም ማለት ፋን የለም ማለት መሆኑን የገባሁ ዕለት ተረዳሁ። በላብ ከሰመጥኩበት ወደምኖርበት ወደ ጋሼ ጓሮ ተመለስኩ። ቀጥሎ ጥፋቱ የፊደሉ ዓይነት ነው ብዬ ፊደል ቀየርኩ፣ የመስመሩ ርቀት ነው ብዬ አሰፋሁ፣ አጠበብኩ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ጽሑፉ አልቆ ነበር እኮ። አምስቱም ምዕራፍ ተጽፏል። ያቃተኝ ማስረከብ ነው።

አማካሪዬ ባገኙኝ ቁጥር ያለህን አምጣና ልየው ይላሉ። እኔ ደግሞ ትንሽ ልሞርደው እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነው። ተሰርዞ የተመለሰ ወረቀት ይዤ እንዴት እንደሚኬድ ማንም አላስተማረኝም። ጋትሉዋክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለማመደው ኖሯል፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ መጀመር ነበረብኝ።

ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ይባላል፤ ጋትሉዋክ አስረከበ፣ ተሰረዘበት፣ አስተካከለ፣ ዲፌንስ አቀረበ፣ ተመረቀ። እኔ ያለቀ ጽሑፍ ላይ ገና መረጃ እጨምራለሁ። ከእኛ በፊት የተማሩትንና የእኛን ባች አንድ ላይ አድርጌ ውጤታቸውን ከመጨረሳቸው ጋር ሳስተያይ ነገሩ ደህና መስመር ይይዛል፣ አንድ ሰው ብቻ ከመስመሩ ወጥቶ ለብቻው ይቆማል። ውጤቱ ከሁሉ ይበልጣል፣ ትምህርቱን ግን አልጨረሰም። አማካሪዬ ስም ያልተጻፈበትን ግራፍ አዩና ይኼ ተማሪ ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁኝ። እያጣራሁ ነው አልኳቸው።

በዚህ መሐል ጋሼ ታመመ። ደም ግፊቱ የቆየ ነው፣ አሁን ኩላሊቱንም ነካው። እግሩ እያበጠ ጫማ እምቢ አለው፣ በነጠላ ጫማ ሆነ። እዚህ ያየው ሐኪም ሙቀቱም ሥራውም እንደማይስማማው፣ አገሩ ገብቶ በደንብ መታከም እንዳለበት ነገረው። ምግብ ቤቱን የሚረከብ ሰው ተገኘ። እናታችን አሰላ ላይ ክፍሉን አስለስና ትጠብቃለች። ሁሉም ነገር አለቀ፣ እሱ ግን አልሄድም አለ።

"ጋዋን ለብሰህ ሳላይህ ንቅንቅ አልልም" አለኝ። "የጀመርኩትን ጨርሼ ነው የምሄደው።"

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ሳስረክብ ጋሼ ይሄዳል፣ ጋሼ ሲሄድ ይታከማል። ከዚህ የቀለለ ስሌት ተሰጥቶኝ አያውቅም። ያን ዕለት ገብቼ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንደገና ቀየርኳት።

ዩኒቨርሲቲው የዲፌንሱን ወር አስታወቀ። ጋሼ ካላንደሩን አወረደና በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ፤ ፊቱ ጠቆረ። የእኔ ዲፌንስ ዐቢይ ጾም ውስጥ ወድቋል። ስንት ዓመት የጠበቀውን ምርቃት በሽሮ ሊያከብር ነው? ሌላ አገር ቢሆን ሰው ድግሱን ያዘገያል። ጋሼ ግን እስከ ፋሲካ የሚቆይ አቅም እንደሌለው ሳያውቀው አልቀረም፣ ይኼን አሁን ነው የማስበው። ድግሱን አስቀደመው። በቅበላ፣ ሁሉም ሥጋ በሚበላበት ሰሞን፣ እኔ እመረቃለሁ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና አላስረከብኩም" አልኩት።

"ታዲያ ምን አለበት? አንተ መቼ ወድቀህ ታውቃለህ?"

እውነቱን ነው፣ ወድቄ አላውቅም።

በሬ ታረደ። የጽዋ ማኅበራችን ከነቤተሰቡ መጣ፣ ሆቴል ያላቸው ወንበር ላኩ፣ አየር መንገድ የሚሠሩት ከአዲስ አበባ ኬክ አስጫኑ፤ ኬኩ ላይ እኔ ፊደሉን እንኳ ያልመረጥኩለት "እንኳን ደስ አለህ" ተጽፎበታል። ሰዓት ተሸለምኩ፣ ሱፍ ተሸለምኩ፣ ወርቅማ እስክሪብቶ ተሸለምኩ። ጋሽ በላቸው የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፣ እንጨት ሲነግዱ ጁባ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ተነሡና ከዚህ በላይ ያድርስህ፣ ለዶክተርነት ያብቃህ ብለው መረቁኝ። ሕዝቡ አሜን አለ። ጋሼ ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሜን አለ። በነጠላ ጫማው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ቁርጥ እያዞረ፣ የማይበላውን ሥጋ ሰው ሲበላለት እያየ ደስ ይለው ነበር። ጨው ከተከለከለ ቆይቷል። ጋዋኑን ብቻ አላስለበሰኝም፤ እሱ በቀኑ ነው አለ።

ጋትሉዋክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እኔ ዲግሪውን ይዤ ኬክ አልቆረሱልኝም፣ አንተ ሳትይዝ በሬ ታረደልህ" አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና "ነገ አስረክብ። እንዳለ። የፈለጉትን ይሰርዙት" አለኝ። እሺ አልኩት። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ጋሪው ፈረሱን ከቀደመ በኋላ ግን ፈረሱ ይደነግጣል። እስከ ቅበላ ድረስ ቢሰረዝብኝ የምዋረደው እኔ ነበርኩ፤ አሁን በሬውም አብሮኝ ይዋረዳል። የበላው ሁሉ መንገድ ላይ ያቆመኛል። ማስተርዬ ይለኛል፣ አለቀልህ አይደል ይለኛል። በዋናው መንገድ መሄድ ተውኩና በልብስ ሰፊዎቹ ኋላ ጓሮ ለጓሮ መዞር ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ዘግይቼ ገብቼ ቀድሜ እወጣለሁ። በዐቢይ ጾም ሰው ሁሉ በጸሎት ሲተጋ እኔ ምዕራፍ አራት ላይ ያሉ ነጠላ ሰረዞችን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። የዲፌንሱ ወር መጥቶ አለፈ።

ጋሼ አልጠየቀኝም። አንድም ቀን ምን ደረሰ አላለኝም። ሊጠይቀኝ ያልፈለገው ስለተጠራጠረኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ያለ ምክንያት እንደማልዘገይ፣ እኔ የያዝኩት ነገር ከባድ ቢሆን ነው እንጂ እኔ ደካማ ሆኜ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበር። ሰው ሲጠይቀው "የእሱ ጥናት እንደሌሎቹ አይደለም፣ ረቂቅ ነው" ሲል ከጓዳ ሰምቼዋለሁ።

ፋሲካን እንደ ምንም ዋለ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆሞ ሳለ ወደቀ። ሐኪሙ ዛሬ ነገ የሚባል ነገር የለም አለ፣ ማኅበሩ ተሯሩጦ ትኬት ቆረጠ፣ በማግሥቱ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርን። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ያ ሁሉ ገላው የት እንደገባ አላውቅም፣ ትንሽ ሆነብኝ።

"ትንሽ ነው የቀረኝ ጋሼ" አልኩት። አልጠየቀኝም እኮ።

"አውቃለሁ" አለኝ። እጄን ይዞ ቆየ። "ስንተኛ እንደወጣህ ግን ደውልልኝ።"

ማስተርስ ላይ ስንተኛ የሚባል ነገር የለም። ልነግረው አስቤ ተውኩት። "እሺ፣ እደውላለሁ" አልኩት። ወንበሩን ገፍተው ወሰዱት። ልጄ ብሎ የያዘኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር፣ አባቴን ብዙም አላስታውሰው። ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሜ አለቀስኩ፣ ቦዳቦዳ ነጂዎቹ ዙሪያዬን ከበው "ማሌሽ፣ ማሌሽ" እያሉ አጽናኑኝ።

አሰላ ከገባ በኋላ በስልክ ድምፁ ደህና ይመስል ነበር። ይመስገን ይላል፣ እኔም ይመስገን እላለሁ። ስለ ኩላሊቱ ስጠይቀው ይመስገን፣ ስለ እግሩ ስጠይቀው ይመስገን። እኛ ሰዎች በዚህ ቃል ስንት ነገር ሸፍነን እንደምንኖር የሚያጠና ቢገኝ ጥሩ ርእስ ነበር።

አንድ እሑድ ማለዳ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ በላቸው ከፊት ናቸው፣ ከኋላቸው የማኅበሩ ሰዎች፣ ወንዱም ሴቱም። ጋትሉዋክም ከእነሱ ጋር ቆሟል፤ ከሸሪካት በዚህ ሰዓት። አንዳቸውም አይናገሩም። ገባኝ ብዬ አሰብኩ። በሬውን በሉ፣ ሰዓት ሸለሙ፣ ሱፍ ሸለሙ፣ ይኸው ስንት ወር ሆነ፤ ዛሬ ተሰብስበው ሊጠይቁኝ መጥተዋል።

አላስቀመጥኳቸውም። እዚያው በሩ ላይ ጀመርኩ። አውቃለሁ ጋሽ በላቸው፣ ልክ ነዎት፣ ዘግይቻለሁ አልኳቸው። ምዕራፍ አራት ላይ ያለው ትንተና ትንሽ አስቸግሮኝ ነው፣ በዚህ ሳምንት አበቃለታለሁ፣ አማካሪዬም ያውቃሉ፣ ጥናቱ እንደሌሎቹ አይደለም፣ ረቂቅ ነው አልኳቸው። ስለ መረጃ አሰባሰብ ሁሉ አስረዳሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። እያየሁት ነበር። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበ ሰው የተዘቀዘቀ ነጠላ ማንበብ አቃተው። ጋሽ በላቸው መሬት መሬት ያያሉ። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አሁንም ስለ ምዕራፍ አራት እያወራሁ ነው።

ጋትሉዋክ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። "ወንድሜ፣ ከላስ፣ በቃ" አለኝ። "ስለ ቴሲስ አይደለም የመጣነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ መርዶ ያልደረሰው ሰው የለም። ጋሼ ዓርብ ማታ ነበር ያረፈው፤ በስልክ አይነገርም ብለው እስኪሰበሰቡ ይዘውት ነው። አሰላ ስደርስ ተቀብሯል። እናታችን አቀፈችኝና "እስከ መጨረሻው ያንተን ነገር ሲያወራ ነበር" አለችኝ። ሌላ ሰው ሲነገረው የሚጽናናበት ነገር ነው ይኼ።

ጁባ ስመለስ ከቅበላ በኋላ የነካካሁትን ሁሉ ማየት አልቻልኩም፤ እያንዳንዷ ነጠላ ሰረዝ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ያነሣኋት ናት። ሁሉንም ደመሰስኩና ከድግሱ በፊት የነበረውን፣ አንድ ጊዜ ተጽፎ ያለቀውን፣ እንዳለ ለአማካሪዬ ላክሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ጠሩኝ። አልፎ አልፎ በቀይ ሰርዘዋል፤ የመጀመሪያዬ ነው፣ ምንም አልተሰማኝም። ሥራው ደህና መሆኑን ነገሩኝና፣ ክፉ ሳያስቡ፣ ይኼንኑ አምና ብታመጣው አምና ይበቃ ነበር አሉኝ።

ዲፌንሱ ዕለት ጋትሉዋክ ከሥራ ቀርቶ ከኋላ ተቀመጠ። ከማኅበሩ ማንም እንዳይመጣ ለምኜ ነበር። አቀረብኩ፣ መስመሩን አሳየሁ፣ ከመስመር የወጣውን አንድ ተማሪም አሳየሁ። ፈታኞቹ ደህና ደህና ጥያቄ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። በመጨረሻ አንዱ መነጽራቸውን አወለቁና በቀላሉ አስቀምጥልን አሉኝ። ውጤት ይተነብያል ወይስ አይተነብይም?

የተዘጋጀሁበት መልስ ነበር፣ ረጅም ነው፣ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ልጀምረው አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ወንድሜ ይተነብያል ብሎ አምኖ ነበር" አልኳቸው።

የቀረውን ጠበቁ። እርስ በርሳቸው ተያዩና አንዱ አንድ ነገር ጻፈ፣ ወጥተህ ጠብቅ ተባልኩ። ተጠርቼ ስገባ ከእርማት ጋር አልፈሃል አሉኝ፣ እርማቱን አስተካክለህ ለማምጣት ሰፊ ጊዜ አለህ አሉኝ። ማንጎው ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ እዚያው አስተካከልኩትና፣ ሁለተኛ ሳላነበው፣ ቀለሙ ያልደረቀውን ወረቀት ይዤ ቢሯቸው ሳይዘጋ ወስጄ ሰጠኋቸው። እንዴት እንዲህ ፈጠንክ አሉኝ። ለማን ብዬ ላሳምረው?